ከዐሥር አንድ፤ የመኪና አምሳያ ስለ መሥራት

ልጆች ሆይ፥ ከእናንተ መካከል መኪና አይቶ የማያውቅ የለም። በባሕር ዳር ጎዳና ላይ ባጃጁ፥ አውቶቡሱና የጭነት መኪናው ከንጋት እስከ ምሽት ሲመላለስ ትመለከታላችሁ። ነገር ግን ማየት ሌላ ነው፥ ማወቅም ሌላ ነው። ከእናንተ አንዱ ወደ ሰሌዳው ወጥቶ በየቀኑ በደጁ የሚያልፈውን መኪና ይሥል ዘንድ ቢታዘዝ፥ ጠመኔውን ይዞ ጥቂት ይቆማል። የፊተኛው መንኰራኩር ከበሩ ምን ያህል ይርቃል? የበሩ እጀታ የሚገኘው በየትኛው በኩል ነው? ጣራው መጕበጥ የሚጀምረው ከወዴት ነው? ይህን ሁሉ ዐይኑ ሺህ ጊዜ አይቶታል፤ እጁ ግን አያውቀውም። ዛሬ የምናነበው ትምህርት መኪናን በእጅ ስለ ማወቅ ነው፤ ይኸውም የአንድ አሮጌ አውቶሞቢል ታናሽ አምሳያ ልኩ ሳይፋለስ እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ነው።

የአገራችን ልጆች መኪና መሥራትን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቃሉ። ሽቦ አጣምመው፥ ጣሳ ቀድደው፥ ከቆርኪ መንኰራኩር አውጥተው፥ በረጅም ሽቦ መሪ አበጅተውለት በመንደሩ ሁሉ ይነዱታል። ይህ ብልኀት የሚናቅ አይደለም፤ ከገበያ ተገዝቶ በሁለት ቀን ከሚሰበረው መጫወቻ ይልቅ እኔ ይህን አከብራለሁ። ሆኖም መጫወቻና አምሳያ ይለያያሉ። መጫወቻው፥ «መኪና ነኝ» ይላል፤ አምሳያው ግን፥ «ያ በደጅ የቆመው መኪና ነኝ» ይላል። እንዲህ ያለ ደግሞ በሜትር ይመረመራል።

ልዩነቱን በጣና ዳር ባለ ነገር እናስረዳ። በሐይቁ ዳር ለእንግዶች የሚሸጡ፥ በእጅ የሚያዙ ታናናሽ ታንኳዎች አሉ። የሚሠሩትም ትልቁ ታንኳ ከሚሠራበት ከዚያው ከደንገል ነው። መልካቸው ያማረ ነው፤ ጫፋቸውም እንደ ታላቁ ወደ ላይ ቀና ይላል። ነገር ግን ቀረብ ብላችሁ ደንገሉን ብትቈጥሩ፥ በታላቁ ታንኳ ብዙ ነዶ የሆነው በትንሹ ጥቂት ዘንግ ብቻ ነው፤ ደንገል ከታንኳው ጋር አብሮ አይቀጥንምና። ታንኳውን ዐሥር እጅ ያሳነሰ ሰው ደንገሉንም ዐሥር እጅ ማቅጠን በተገባው ነበር፤ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ዘንግ እናቶቻችሁ ሰፌድ እንደሚሰፉበት እንደ ስንደዶ የቀጠነ ይሆናል። እንግዲህ በገበያ የሚሸጠው ትንሽ ታንኳ ነው። ታንኳን በስንደዶ ዘንግ በዘንግ አስሮ የሠራ ልጅ ቢገኝ ግን፥ እርሱ የትልቁን ታንኳ አምሳያ ሠራ ይባላል።

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። በዚህ ትምህርት ውስጥ የሚጠራው ዓመተ ምሕረት ሁሉ በአገራችን አቈጣጠር ነው። ቤድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሌይ የሚባለውን አውቶሞቢል ከባሕር ጠረፍ አንሥቶ፥ የመኪና መንገድ በሌለበት በረሃና ተራራ ብዙ ደክሞ፥ ወደ አዲስ አበባ አምጥቶ ለዳግማዊ ምኒልክ ያቀረበው በ1900 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ተቀመጡበት። ታሪኩ ደስ ይላል፤ ዳሩ ግን ያ መኪና በደጃችን ቆሞ አናገኘውም። አምሳያ የሚሠራ ሰው ደግሞ ቀርቦ የሚለካውን ይመርጣል እንጂ በወሬ የሰማውን አይመርጥም።

በየከተማችን እስከ ዛሬ ቆሞ የሚገኘው አሮጌ መኪና ቮልስዋገን ነው፤ ሕዝቡም አሳጥሮ ቮልስ ይለዋል። ጀርባው እንደ ጢንዚዛ የጐበጠ ስለ ሆነ ፈረንጆች በጢንዚዛ ስም ይጠሩታል። ፌርዲናንድ ፖርሽ የተባለ መሐንዲስ አሰበው፤ ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ በጀርመን አገር በብዛት ተሠራ፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላም የመጨረሻው በሜክሲኮ አገር በሐምሌ 1995 ዓ.ም. ከፋብሪካ ወጣ። ይህ ትንሽ መኪና በታሪካችንም ውስጥ ስፍራ አለው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው በወረዱ ጊዜ፥ ሮልስ ሮይስ የነበራቸው ንጉሠ ነገሥት ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው ያረጃል፤ ያረጀውም እየተፈታ ብረቱ በሚዛን ይሸጣል። እናንተ አድጋችሁ ልጆች ስትወልዱ፥ የቮልስ ድምፅ ለልጆቻችሁ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምትለኩትን መኪና ቆሞ ሳለ ለኩት። ከተፈታ በኋላ ልኩን የሚነግራችሁ አይገኝም።

መለካት የሚጀመረው ከፈቃድ ነው። የሰውን ንብረት ባለቤቱ ሳያውቅ መንካት ነውር ነው፤ በመኪና ዙሪያ ሜትር ይዞ የሚዞር ልጅም በሌላ ነገር ይጠረጠራል። ስለዚህ ቀርባችሁ፥ «ጋሼ፥ እንደምን ዋሉ? የመኪናዎን አምሳያ ለመሥራት አስበን ነበር፤ እንድንለካው ይፈቅዱልናል?» በሉ። እምቢ ካሉ እጅ ነሥታችሁ ሂዱ፤ ሌላ ቮልስ አይጠፋም። ከፈቀዱ ግን ከሜትሩ ይልቅ እርሳቸው ይጠቅሟችኋል፤ አሮጌ መኪና ያለው ሰው ስለ መኪናው መናገር ይወዳልና። ባለመኪናውና የጋራዡ ሠራተኛ ሲነጋገሩ ቸርኬ፥ ኮፈን፥ ፓራፋንጎ የሚሉ ስሞችን ትሰማላችሁ። እነዚህ ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው፤ ቸርኬ ጎማው የሚቀመጥበት ብረት ነው፥ ኮፈን የፊት መክደኛው ነው፥ ፓራፋንጎም ከመንኰራኩሩ በላይ ሆኖ ጭቃ የሚከለክለው ቆርቆሮ ነው። ስሙን ከልኩ አጠገብ ጻፉ።

ልኩን በክንድና በስንዝር አታድርጉት። የአንዱ ስንዝር ከሌላው ይረዝማል፤ የእናንተም ስንዝር በየዓመቱ ያድጋል። ሁለት ልጆች የሜትሩን ሁለት ጫፍ ይያዙ፥ ሦስተኛው ይጻፍ። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ለኩ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ሦስተኛ ጊዜ ለኩ። ቮልስ ከፊት ጫፍ እስከ ኋላ ጫፍ 4 ሜትር ከ7 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ ወርዱ 1 ሜትር ከ54፥ ቁመቱም 1 ሜትር ከ50 ያህል ነው። ከፊተኛው መንኰራኩር እምብርት እስከ ኋለኛው መንኰራኩር እምብርት ደግሞ 2 ሜትር ከ40 ነው። ይህን የመጨረሻውን ልክ ከሁሉ አስቀድሙ። የፊትና የኋላ መከላከያው ብረት ቢለወጥ የመኪናው ርዝመት ይለወጣል፤ በመንኰራኩሮቹ መካከል ያለው ግን አይለወጥም፤ ሌላው ልክ ሁሉ ከእርሱ ተነሥቶ ይቈጠራል።

የኋላ መስኮቱንም በደንብ ተመልከቱ። በመጀመሪያ የተሠሩት ቮልሶች የኋላ መስኮት በመካከሉ በብረት ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ በ1945 ዓ.ም. አንድ ሞላላ መስኮት ሆነ፤ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሰፋ። ስለዚህ የአንዱን ዘመን መስኮት በሌላው ዘመን ቮልስ ላይ ያደረገ ሠራተኛ፥ በዓለም ላይ ያልነበረ መኪና ሠራ ማለት ነው።

አሁን ልኩን ሁሉ ለዐሥር አካፍሉ። ዐሥርን የመረጥሁት ለማካፈል ስለሚቀል ነው፤ ሳንቲሜትሩ ሚሊሜትር ይሆናል፥ ሥራው አለቀ። አምሳያችሁ 40 ሳንቲሜትር ከ7 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ በመንኰራኩሮቹ መካከልም 24 ሳንቲሜትር ይኖረዋል። መጽሐፈ ዘፍጥረትን ያነበበ ልጅ የኖኅ መርከብ ርዝመቱ 300 ክንድ፥ ወርዱ 50 ክንድ፥ ቁመቱም 30 ክንድ እንደ ነበረ ያስታውሳል። ከዐሥር አንድ ብታደርጉት 30፥ 5ና 3 ክንድ ይሆናል። እንደ ገና ከዐሥር አንድ ብታደርጉት ርዝመቱ 3 ክንድ፥ ወርዱ ግማሽ ክንድ ይሆንና በጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። በሦስቱም መጠን ግን ርዝመቱ የወርዱ ስድስት እጥፍ ነው። መርከቡ መርከቡን የሚመስለው በዚህ ነው፤ አንዱን ጐን ብቻ አሳንሳችሁ ሌላውን ብትተዉት ግን መልኩ ይጠፋል።

እዚህ ላይ ፈተና ይመጣል። የቮልስ መንኰራኩር ከነጎማው ከዳር እስከ ዳር 64 ሳንቲሜትር ያህል ነው፤ አምሳያውም 6 ሳንቲሜትር ከ4 ሚሊሜትር ይፈልጋል። ቆርኪ ግን 3 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ቆርኪ በየሻይ ቤቱ ደጅ ወድቆ ይገኛል፤ ክብ ነው፥ ብረት ነው፥ ያብለጨልጫል። «ይበቃል፤ ማን ይለካዋል?» የሚል ሐሳብ በልብ ይነሣል። እስቲ ነገሩን ወደ ትልቁ መልሰን እንየው። ቆርኪ ያደረገ አምሳያ 30 ሳንቲሜትር መንኰራኩር ያለው ቮልስ ነው። እንዲህ ያለ ቮልስ በእውነት ቢሠራ ሆዱ መሬት ነክቶ ከቆመበት አይነቃነቅም። ለቸርኬው እንኳ ቆርኪ አይበቃም፤ ቸርኬው 38 ሳንቲሜትር ነውና 3 ሳንቲሜትር ከ8 ሚሊሜትር ያሻል። ይልቅስ ካረጀ በረባሶ ጎማውን በስለታም ቢላዋ ቈርጣችሁ በሞረድ አክብቡት። በረባሶው ራሱ ከመኪና ጎማ የተሠራ ነውና ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ ማለት ነው።

ርዝመቱ ዐሥር እጅ ሲያንስ ሌላው ሁሉ ዐሥር እጅ ያነሰ ይመስላችሁ ይሆናል። እንዲህ አይደለም። የበሩ ርዝመት ዐሥር እጅ፥ ወርዱም ዐሥር እጅ ስለሚያንስ፥ የበሩ ስፋት መቶ እጅ ያንሳል። ነገር የሚይዝ ዕቃ ደግሞ በርዝመትም፥ በወርድም፥ በከፍታም ስለሚያንስ ሺህ እጅ ያንሳል። የቮልስ የቤንዚን ማጠራቀሚያ 40 ሊትር ይይዛል። የአምሳያው ማጠራቀሚያ ስንት ይይዛል? አራት ሊትር የሚል ልጅ አራት የውሃ ጠርሙስ በአንዲት ክንድ በማትሞላ መኪና ውስጥ ሊያገባ ነው። ትክክለኛው 40 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም አንድ የቡና ሲኒ እንኳ በደንብ አይሞላም። ይህን ሒሳብ በወረቀት ብቻ የሠራ ይረሳዋል፤ ሲኒውን አንሥቶ ያየው ግን አይረሳውም።

ብልህ ሠራተኛ ሳይሥል ወደ መጋዝ አይሄድም። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ በባሕር ዳር የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የእንጨትና የብረት ሥራ ያስተምር ነበር፤ በእንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ሥዕል ከመዶሻ ይቀድማል። እናንተም መኪናውን በአምሳያው ልክ ከጐን፥ ከፊት፥ ከኋላና ከላይ አድርጋችሁ በአራት ወረቀት ሣሉት። አራቱ ሥዕሎች እርስ በርሳቸው ይመሰክራሉ፤ በጐን ሥዕል ጣራው 15 ሳንቲሜትር ከሆነ በፊት ሥዕልም 15 ሊሆን ይገባዋል። ካልተስማሙ አንዱ ሐሰት ተናግሯልና እንጨቱ ሳይቈረጥ ፈልጉት።

ለአካሉ የሚስማማው እንጨት ዋንዛ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፥ ቶሎም አይሰነጠቅም። የጐኑን ሥዕል በእንጨቱ ጐን፥ የላዩን ሥዕል በእንጨቱ ላይ አጣብቁና በመጋዝ ትርፉን አንሡ። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ የቮልስ አካል ቀጥ ያለ ስፍራ የለውም ማለት ይቻላልና። ከወፍራም ካርቶን የጣራውን ጕብጠት ቅርጽ ቈርጣችሁ በእንጨቱ ላይ አቁሙት፤ በካርቶኑና በእንጨቱ መካከል ብርሃን በሚያልፍበት ዙሪያ ካርቶኑ የነካው ስፍራ ገና ከፍ ያለ ነው። እርሱን ጥቂት ሞርዱ፥ እንደ ገና አቁሙ፥ እንደ ገና ተመልከቱ። ብርሃኑ ሲጠፋ ሞረዱን አኑሩና በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። አራቱን ፓራፋንጎዎች ግን ከእንጨቱ ጋር አትቅረጹ፤ በትልቁ መኪና ለየብቻ ተሠርተው በብሎን የታሰሩ ናቸውና፥ እናንተም ከጣሳ ቆርቆሮ ቀጥቅጣችሁ ለየብቻ አድርጉና በምስማር አያይዟቸው። የቆርቆሮው ጠርዝ ስለት ስለ ሆነ አስቀድማችሁ በሞረድ አደንዝዙት።

አንዳንድ ነገር ፈጽሞ ሊያንስ አይችልም። የቮልስ አካል ቆርቆሮ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር አይሞላም፤ ከዐሥር አንድ ቢሆን እንደ ደብተር ወረቀት ይሳሳል። ዋንዛን እንደ ወረቀት ማሳሳት አይቻልምና የአምሳያው ግድግዳ ይወፍራል። በዚህ ማንም አይወቅሳችሁም። ነገር ግን ያልተቻለውን በልክ ወረቀታችሁ ግርጌ ጻፉት፤ «ግድግዳው ከልኩ ይወፍራል» በሉ። ካልጻፋችሁት፥ ያልቻላችሁትንና የሰነፋችሁበትን ኋላ የሚለይ አይኖርም።

ቮልስን ሳይከፍት የሚሠራ ልጅ ኮፈኑን ከፍቶ ከፊት ሞተር ያኖርበታል። በትልቁ መኪና ግን ከፊት ያለው የዕቃ ማስቀመጫና የቤንዚን ማጠራቀሚያ ነው፤ ሞተሩ ከኋላ ነው። ራዲያተርም አይሥሩለት፤ የቮልስ ሞተር በውሃ ሳይሆን በነፋስ ይቀዘቅዛልና ራዲያተር የለውም። ይህ ነገር በሐይቃችን ላይ የሆነውን ያሳስበኛል። በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዘጌ ሳሉ የእንፋሎት መርከብ የሚመስል ነገር ለመሥራት ከደንገል ታላላቅ ጀልባዎች አሠርተው በእጅ የሚዞር መንኰራኩር አስገጠሙላቸው፤ በዚያን ጊዜ በንጉሡ ዘንድ የነበረው ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ይህን ጽፎታል። መንኰራኩሩ ነበረ፤ የሚያዞረው ግን የሰው ክንድ ነበረ። በልባቸው ያለው ምኞት ታላቅ ነበር፤ የእንፋሎቱን ሞተር ከፍቶ የሚያሳያቸው ግን በአጠገባቸው አልነበረም። እናንተ ግን ባለመኪናው ቆሞላችኋል፤ የኋላውን መክደኛ ይከፍቱላችሁ ዘንድ ለምኑ።

ሌላ ጥያቄ ይቀራል። የለካችሁት ቮልስ በግራ በኩል የፊተኛው ፓራፋንጎ ተጋጭቶ ጐድጕዷል እንበል። አምሳያውን ከፋብሪካ እንደ ወጣ አድርጋችሁ ትሠሩታላችሁን፥ ወይስ ከነጕድጓዱ? ሁለቱም ይቻላል። ከፋብሪካ እንደ ወጣ የሚሠራ፥ መከላከያ ብረቱን፥ መብራቱንና ቀለሙን ሁሉ በዚያ ዘመን እንደ ነበረ ፈልጎ ማግኘት ይኖርበታል። ዛሬ እንዳለ የሚሠራ፥ ጕድጓዱንም ዝገቱንም መሥራት ይኖርበታል። ፓራፋንጎውን አቅንቶ ዝገቱን የሚተው ግን የትኛውን መኪና እንደ ሠራ አይታወቅም። የእኔ ፈቃድ ከነጕድጓዱ ነው፤ ቮልስ በዓለም ላይ ብዙ ነው፥ እንዲህ ተጐድጕዶ በባሕር ዳር የኖረው ግን አንድ ነው።

ቀለም ሲቀቡ ስስ አድርጎ ሦስት ጊዜ መቀባት፥ ወፍራም አድርጎ አንድ ጊዜ ከመቀባት ይሻላል። አንዱ ሳይደርቅ ሁለተኛውን አትጨምሩ፤ በክረምት የሐይቁ ዳር አየር እርጥብ ስለ ሆነ ቀለም ይዘገያል፥ ታገሡት። ማታ በመብራት አትቀቡ፤ በመብራት ዙሪያ የሚበርሩት ነፍሳት በቀለሙ ላይ ይቀራሉ። ቀን ቀብታችሁ በካርቶን ሣጥን ክደኑት። መስኮቱን ከተጣለ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቈርጣችሁ ከቀለሙ በኋላ አግቡ። የሰሌዳውን ቍጥር ለመጻፍ ግን ባለመኪናውን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሥራው ባለቀም ጊዜ ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሳቸውን ጥሩ፤ ጐንበስ ብለው በመጀመሪያ የሚፈልጉት ያን በግራ በኩል የተጐደጐደውን ፓራፋንጎ ነው።